እጁን አሙቆ የሚወጋው ጌታነህ

ጌታነህ መሞቱን የሰማሁት ጫጫ ላይ፣ ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ስለ ወሊድ ይጫወቱ ነበር።

«ያ ወገብ የሚወጋው ልጅ ሞተ አሉ እኮ» አለች አንደኛዋ።

«የቱ?»

«ያ እንኳ፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ የሚያሞቀው፣ ደብረ ብርሃን የነበረው። ወደ ቆላ ተዛውሮ አልነበር? እዚያው ታመመ፣ ሳምንትም አልቆየ። አንኮበር አምጥተው ቀበሩት። አርባው እንኳ ወጥቷል።»

«ውይ፣ አፈር ልብላለት! እኔንም የወጋኝ እሱ ነው።»

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ።

«አባባ፣ ደብረ ብርሃን ገና ነው እኮ» አለኝ ሾፌሩ።

«ወራጅ አለ አልኩህ!»

ወረድኩ። ወርጄ ግን ወዴት ልሂድ? ለቅሶው አልፏል፣ አርባው ወጥቷል። አስፋልቱ ዳር ቆሜ የሚያልፈውን ሲኖትራክ እያየሁ አቧራ ስጠጣ ቆየሁ። አንድ ገበሬ «የጠፋብዎ ነገር አለ አባቴ?» ብሎ ጠየቀኝ። «የለም» አልኩት። እንዲህ ነኝ እኔ፤ ሲጠይቁኝ «የለም» ነው መልሴ። ይሄ ጠባዬ ምን እንዳደረገ ነው አሁን የምጽፈው። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ ስለሆነ አጻጻፌ ቢንጋደድ አንባቢ ይታገሰኝ።

እኔ ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ፖርተር ነበርኩ። ታካሚን በባለጎማ አልጋ እየገፋሁ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገባለሁ፣ ሲያልቅ መልሼ ወደ መኝታ ክፍል እወስዳለሁ። ጌታነህ ደግሞ ሰመመን ሰጪ ነበር። ሐኪሙ ከመቅደዱ በፊት ሰውን የሚያደነዝዝ እሱ ነው። የአንኮበር የቄስ ልጅ ነው፣ ዳዊት ከደገመ በኋላ ነው ወደ አስኳላ የገባው። ቀጭን፣ አጭር፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው ነበር። ተናዶ እንኳ ሲናገር የሚያዜም ይመስላል።

በምጥ አልወለድ ብሏት በኦፕራሲዮን የምትወልድ እናት ስትመጣ ሙሉ በሙሉ አያስተኟትም። ወገቧ ላይ፣ አከርካሪው መሀል፣ በቀጭን መርፌ ይወጓትና ከወገብ በታች ይደነዝዛል። እሷ ነቅታ የልጇን ለቅሶ ትሰማለች። ያን መርፌ የሚወጋው ጌታነህ ነበር። ከመውጋቱ በፊት፣ ጓንቱን ከማጥለቁም በፊት፣ ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ይቆማል። የደብረ ብርሃን ብርድ መቼም ይታወቃል፣ እንኳን የሰው እጅ የበር እጀታ ያንቀጠቅጣል። ሐኪሙ ይቆጣዋል።

«ጌታነህ፣ ቶሎ በል እንጂ!»

«ዶክተር፣ በቀዘቀዘ እጅ ስነካት ትደነግጣለች። ስትደነግጥ ጀርባዋ ይገተራል፣ መርፌው መንገድ ያጣል። ኦፕራሲዮኑ የእርስዎ ነው፣ ፍርሃቷ ግን የእኔ ነው» ይለዋል።

እናቲቱን አልጋው ላይ ቁጭ እናደርጋታለን። እኔ ከፊቷ ቆሜ ትከሻዋን እይዛለሁ፣ እሷ ግንባሯን ደረቴ ላይ ታሳርፋለች። ለክርስቲያኗ «እንደምትሰግጂ ሆነሽ ጎበጥ በይልኝ እናቴ» ይላታል። ከአልዩ አምባ በኩል ለመጣችው ደግሞ «እንደ ሱጁድ ነው እህቴ፣ እንደ ሱጁድ» ይላታል። ሁለቱም በደንብ ይጎብጣሉ። ከወጋ በኋላ አልኮል የነካ ጥጥ ሆዷን እያስነካ «ይሄ ይቀዘቅዝሻል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቅዝቃዜው ካልተሰማት ደንዝዟል ማለት ነው። አንዲት የጣርማ በር ሴት «አገሩ ሁሉ ቀዝቃዛ፣ አልጋው ቀዝቃዛ፣ ሽማግሌውም ቀዝቃዛ፣ የቱን ልለይልህ?» ብላ ሐኪሙን ሳይቀር አስቃናለች። ሽማግሌው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጌታነህ ከእናቶች መኝታ ክፍል ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ጠዋት የወጋትን ሴት ሊያይ ሄዶ ኖሯል። መርፌው ለቋታል። ልጇን ላጥባ ብላ ጎኗን ማዞር አቅቷት፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ እሷ ጣሪያ ታያለች።

«ጋሼ ደምሴ፣ እኛ እኮ ስንሸኛት ደህና ናት» አለኝ። «መርፌው ሲለቃት እኛ ሌላዋን እየወጋን ነው። ማን አየላት?»

«ወልዳ የለም እንዴ? ይለፍላታል» አልኩት። እንዲህ ብያለሁ፣ አልክድም። እናቴ ስትወልድ ድምፅ ሳታሰማ ነው ብዬም ጨመርኩለት።

«እርስዎ በምን አወቁ? አብረው ነበሩ?»

ይሄን ብሎ ሳቀ፣ እኔ ግን ተቀየምኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐሳቡ ሌላ አልነበረም። እንዲህ አድርጎ አስረዳኝ። ወገብ ላይ የሚወጋው ዋናው ማደንዘዣ አንድ ነው። ከሱ ጋር ጠብታ የምታህል ሌላ መድኃኒት ይጨመራል፣ የብርቱ ሕመም ማስታገሻ ነው። አንደኛው ፌንታኒል ይባላል፣ ቶሎ ይይዛል ቶሎም ይለቃል። ሁለተኛው ሞርፊን ነው፣ እየቆየ ይይዝና እስከ ማግስቱ ይሰነብታል። ሆስፒታላችን ብዙውን ጊዜ ዋናውን ብቻ ነበር የሚወጋው።

«ዋናው ወጡ ነው በሉት፣ ይሄ ቅመሙ» አለኝ።

«ወጡ ካለ ቅመሙ ምን ያደርጋል?»

«ቅመሙማ እናቲቱ የመጀመሪያዋን ሌሊት እንድታልፍ ነው።»

ሞርፊኑ ግን ጠባይ አለው፣ እሱም አልደበቀኝም። ሰውነት ያሳክካል፣ ከስንት አንዴም ትንፋሽ ያዘገያልና ሌሊቱን የሚጠብቃት ነርስ ያስፈልጋል። ነርሶቹ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ አለቆቹ «ጥቅሙን በወረቀት አሳየንና በመድኃኒት ግዢው ዝርዝር ውስጥ እናስገባዋለን፣ ጠባቂም እንመድባለን» አሉት። ጌታነህ የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። ክብርም ሹመትም አልጠየቀም። ያቺ ጠብታ ከእያንዳንዷ እናት መርፌ ውስጥ እንድትገባ ብቻ ነው።

ፈቃዳቸውን የሰጡ እናቶች በሦስት ተከፈሉ፤ ዋናውን ብቻ የሚወጉ፣ ከፌንታኒል ጋር የሚወጉ፣ ከሞርፊን ጋር የሚወጉ። ከዚያ በኋላ ሕመማቸውን ጠይቆ የሚመዘግብ ሰው ተፈለገ። ነርሶቹ ፋታ የላቸውም። ጌታነህ ወደ እኔ መጣ።

«እኔ? ቁጥር አደናግራለሁ እኮ» አልኩት።

«ቁጥር የለውም። እነሆ።»

አንድ ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱ ላይ ክብ ክብ ፊቶች ተስለዋል። ከአንዱ ጫፍ የሚስቅ ፊት፣ ቀጥሎ ዝም ያለ፣ ቀጥሎ የተኮሳተረ፣ ከወዲያኛው ጫፍ እንባውን የሚያወርድ። እናቲቱ ሕመሟን የሚመስለውን ፊት በጣቷ ታሳያለች፣ እኔ እሱ ላይ ጭረት አደርጋለሁ።

«እርስዎን አባት ነው ብለው እውነቱን ይነግሩዎታል» አለኝ። እንግዲህ ይህቺ አንዷ የሱ ስህተት ናት። የቀረው የእኔ ነው።

«የትኛዋ የትኛውን እንደተወጋች ንገረኛ» አልኩት።

«አልነግርዎትም።»

«አታምነኝም ማለት ነው?»

«እርስዎን አምናለሁ ጋሼ፣ ዓይንዎን ነው የማላምነው። ካወቁ ያዩትን ሳይሆን የጠበቁትን ያያሉ።»

በዚህም ተቀየምኩ። ብቻ ሥራውን ያዝኩ።

አሁን እንዴት እንደጠየቅኩ ልንገራችሁ። አልጋው አጠገብ እሄድና ቆቤን አውልቄ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» እላለሁ። ከዚያ «ተሻለሽ አይደል? አይዞሽ፣ በርቺ! ተመስገን በይ!» እላለሁ። እሷም «ተመስገን» ትላለች። ምን ልትል ኖሯል? ሽበታም ሰው ቆቡን አውልቆ ቆሟል፣ አማቷ ከራስጌ ተቀምጣለች፣ ልጇ በሕይወት ወጥቷል። በዚህ ላይ «አመመኝ» ማለት በእኛ አገር አምላክን ማማረር ነው። ወረቀቱን ዘርግቼ «የትኛዋን ትመስያለሽ?» ስላት የምትስቀዋን ታሳየኛለች። አንዷ «ይቺን የምታለቅሰዋን ምን አድርጋችኋት ነው?» ብላ አዘነችላት። ሌላዋ «እኔ ይቺን ነው የምወዳት» ብላ የሳቀችውን ፊት በጣቷ መታ መታ አደረገችው። እኔም ጭረት። ወረቀቱ በሙሉ ሳቀ። የእኔ አገር ሴት ጀግና ናት ብዬ እየኮራሁ ለጌታነህ አስረከብኩት።

ያየሁት ነገር ግን ነበር። አንዳንዶቹ አፍንጫቸውን፣ ጉንጫቸውን ሲያኩ ይውላሉ። እነዚያ የሚያኩት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፣ ልጃቸውን አቅፈው ያጠባሉ፣ ለመቀመጥም ይሞክራሉ። የማያኩት አንሶላውን ጨምድደው ጣሪያ ያያሉ። በዓይኔ ነው ያየሁት። ወረቀቱ ላይ ግን ማከክ የሚባል ፊት የለም፣ የተጨመደደ አንሶላም የለም። ያልተጠየቅኩትን ምን አገባኝ ብዬ ተውኩት።

አንድ ቀን ከአልዩ አምባ በኩል የመጣች ወጣት እናት ጠየቅኩ። «አልሐምዱሊላህ» አለች። ጭረቴን አድርጌ ልወጣ ስል እናቷ በሩ ጋ ተከትለው ደረሱብኝ።

«አንቱ ሰውዬ፣ አንቱ ሲመጡ እኮ ነው ዝም የምትለው። ከጠዋት ጀምራ አንሶላ ነክሳ ነው የምታቃስተው። ምነው እኔን አይጠይቁኝ?»

«የታመመችው እሷ ናት ወይስ እርስዎ?» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ የወለድኳት!»

«ወረቀቱ የሚጠይቀው እሷን ነው» ብዬ ጥያቸው ሄድኩ። ያን ቀን ለጌታነህ መናገር ነበረብኝ። መንገድ ላይ አሰብኩት። ነገር ግን ይሄን ብናገር የእስካሁኑ ጭረቴ ሁሉ ዋጋ የለውም ማለት ነው። እኔ ደግሞ ተሳሳትኩ ማለት አልወድም። ወረቀቱን እንደነበረ አስረከብኩት።

ወረቀቱ ተጠናቀረ፣ ወደ አለቆቹ ቀረበ። እኔ አልጋ እየገፋሁ በኮሪደሩ ሳልፍ ጌታነህ ከስብሰባው ወጥቶ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። እጁን ብብቱ ውስጥ ከቷል። የሚወጋት እናት ግን አልነበረችም።

«ምነው?»

«ሦስቱም አንድ ናቸው ተባለ ጋሼ። ቅመም የገባለትም ያልገባለትም እናት አላመማትም። እንግዲያው ለምን እንገዛለን፣ ነርስስ ለምን እንመድባለን አሉ። እውነት አላቸው፣ ወረቀቱ እንደዚያ ነው የሚለው። እኔ ግን ሄጄ አይቻለሁ እኮ! ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

አልጋውን ግድግዳ አስደግፌ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። ተመስገን በይ ማለቴን፣ የሚያኩትን፣ የማያኩትን፣ የአልዩ አምባዋን ሴትዮ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አንገቱን ደፍቶ አዳመጠኝ። ስለሚያኩት ስነግረው ብቻ ቀና አለ።

«አፍንጫቸውን?»

«አፍንጫቸውን።»

«እና ይተኛሉ?»

«ይተኛሉ። ያጠባሉ።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ደስታ ይሁን ንዴት እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

«ጋሼ፣ እኔ ስወጋት ጀርባዋን ነው የማየው። እርስዎ ፊት ለፊቷ ቆመው ጠየቁ። ግን ሁለታችንም ያየነው ጀርባዋን ነው» አለኝ። ተነስቶ በሩን አንኳኳና ተመልሶ ገባ።

በሩ ገርበብ እንዳለ ስለነበር ሰማሁ። «አጠያየቁ ተበላሽቷል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጠያቂውን በቅጡ አላስተማርኩም፣ እንደገና ልሥራው» አላቸው። ስሜን አልጠራም። የስብሰባው ሊቀመንበር ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ቀስ ብለው ነው የመለሱለት።

«ጌታነህ፣ ታካሚዋ አላመመኝም ካለች ከሷ የበለጠ ምስክር ከየት እናመጣለን? ውጤቱ ስላልጣመህ እንደገና ይሠራ ካልክ ጥናት አይባልም፣ ክርክር ነው።»

እኔ ውጭ ቆሜያለሁ። ገብቼ «አጥፊው እኔ ነኝ» ማለት እችል ነበር። በሩ እኮ ክፍት ነው፣ እግሬም ጤነኛ ነው። የሚገፋ አልጋ አለብኝ ብዬ አልጋውን ገፋሁ። ባዶ አልጋ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጌታነህ በእጁ በቀረችው ጥቂት ሞርፊን፣ ሐኪሙን እያስፈቀደ፣ በጣም ለተጎዱት ጨመረላቸው፤ ሌሊቱንም ራሱ ትንፋሻቸውን እየጠበቀ አደረ። ሞርፊኗ ስታልቅ ነገሩም አለቀ። የሰመመን ሰጪ እጥረት አለና ወደ ቆላው ሂድ ተባለ። ሄደ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ያሰብኩት ነገር ነበረኝ፣ «ይቅር በለኝ» የምትል ሁለት ቃል። ያልኩት ግን «ቆላ ነው ብለህ አትታለል፣ ጣርማ በር ላይ ብርድ አለ፣ ጋቢህን ከመኪናው ጣሪያ አውርደህ ያዝ» ነው።

«እዚያ ስደርስ እንደገና እጀምረዋለሁ» አለኝ በመስኮት። «አሁን አጠያየቁን አውቄዋለሁ። ሴት እጠይቃለሁ፣ አማት አስወጣለሁ፣ ማከኩንም እጽፋለሁ። ጨርሼ እዚህ ድረስ ይዤው ነው የምመጣው።»

«ፊቶቹንስ?»

«ፊቶቹንማ እሳት እሰዳቸዋለሁ!»

ይሄን ብሎ ሄደ፣ ቀጥሎ የሰማሁት ጫጫ ላይ የሰማሁትን ነው። መጀመሩን እንኳ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ወደ ቆላው የሚወስደው መንገድ አንዳንዴ ክፍት፣ አንዳንዴ ዝግ ነው፣ ስልኩም እንደዚያው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ኦፕራሲዮን ክፍሉን ረግጬው አላውቅም። ሊቀመንበሩም ሄደዋል፣ በቦታቸው አንዲት ወጣት ዶክተር አለች። ተነስታ ወንበር ሰጠችኝ። ነገሩን ከሥሩ ነገርኳት።

«ስለዚህ ያ ወረቀት ውሸት ነው ብለሽ ጻፊልኝ» አልኳት። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ እፈርማለሁ።»

«አባባ፣ የእርስዎ ፊርማ ጥናቱን አያነሳውም። ሌላ ጥናት ነው የሚያነሳው።»

«ታዲያ ይሠራ።»

«ማን ይሥራው? ሁለት ሰመመን ሰጪ ነው ያለኝ፣ እነሱም ቀንና ሌሊት እዚያ ውስጥ ናቸው። ደግሞ መድኃኒቱ ዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለ የለንም። የሌለንን ከምን ጋር እናወዳድር?»

«እሱ እኮ በዚህ ተቃጥሎ ነው የሞተው!»

«አውቀዋለሁ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ተማሪ ሆኜ እጄን እንዳሞቅ ያስተማረኝ እሱ ነው።»

ቆቤን አድርጌ ወጣሁ። እግሬ የለመደውን ይዞኝ በእናቶች መኝታ ክፍል በኩል አለፈ። ከበሩ አጠገብ ባለው አልጋ አንዲት እናት ተኝታለች፣ ከለሚ በኩል የመጣች። ሌሊት በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው። ሕፃኑን እህቷ ታቅፋለች። እናቲቱ የአልጋውን ብረት ጨብጣ ጣሪያ ታያለች።

ማለፍ እችል ነበር። እህቷን «ልጁን ፀሐይ አሙቂው» ብዬ አስወጣኋት። በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ፣ ከሷ ዝቅ ብዬ። ቆቤን አላወለቅኩም፣ አይዞሽም አላልኩም።

«የት ጋ ነው የሚያምሽ?» አልኳት።

በሩን አየች፣ እኔን አየች።

«እዚህ» አለች። ከዚያ ወዲያ አላቆመችም። ስትተነፍስ እንደሚቀድዳት፣ ሳል ሲመጣባት ሞትን እንደምትመኝ፣ ልጁ ጡቷን ሲስብ ማህፀኗ አብሮ እንደሚሳብ፣ ውጭ የተቀመጠችው አማቷ እንዳትሰማት አፏን በነጠላዋ እንደያዘች፣ ሁሉንም ነገረችኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ጠይቄ ያልሰማሁትን በአንዲት ሴት አፍ ሰማሁት። ስትጨርስ ትንሽ ቀለል ያላት መሰለ። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«ታዲያ አሁን ምን ይሰጡኛል አባባ?» አለችኝ።

የሆስፒታሉ ሰው መስያታለሁ። «መጣሁ» ብያት ተነሳሁና ነርሷን ፈልጌ አገኘኋት።

«የሚሰጣት ተሰጥቷታል አባባ፣ የሚቀጥለው ማታ ነው» አለችኝ፣ ሁለት እጇ ሥራ ይዞ።

ተመልሼ ልነግራት ይገባኝ ነበር። በሌላው በር ወጣሁ።